መቀመጫው ሲቀየር

«መቀመጫው ሲቀየር እወስድሻለሁ» የምትል ቃል ጭራሮ የሚሏት ልጅ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ አራት ዓመት ከርማለች።

እናቷ የሞተች ሰሞን ነው አባቷ እህቱ ቤት ያስቀመጣት። «ለጊዜው ነው» አለ። እሱ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ የሚሠራበት ከተማ በሞተር ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ አውቶቡስም አይገባበትም። በመጣ ቁጥር «እኔም ልሂድ» ትለዋለች፤ በመጣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «የሞተሩ የኋላ መቀመጫ ሰው አይችልም፣ ጭራሮዬ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ወገብሽ ይቆረጣል። መቀመጫው ሲቀየር እወስድሻለሁ።» ጭራሮ ያላትም እሱ ነው፤ ቀጭን ስለሆነች።

አንዳንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እሷም አንዳንዴ ትስቅ ነበር። ማታ ማታ ግን ለቅሶዋን በትራስ የምታፍነው ስለዚሁ ነበር፤ የሰው ልጅ በስፖንጅ ምክንያት ከአባቱ ይለያል ወይ እያለች።

ዘንድሮ ስምንተኛን ጨረሰች። አባቷ በስልክ «እዚያ እንዳትመዘገቢ፤ እኔ ጋ ነው ዘጠነኛን የምትማሪው። መጥቼ መቀመጫውን ላሠራው ነው» አላት። ሳትመዘገብ ጠበቀችው። ጓደኞቿ ሁሉ ተመዘገቡ፤ እሷ ጠበቀችው። ዛሬ ምዝገባው የሚያበቃበት ቀን ነው። ደግነቱ አባቷም መጣ።

ጠዋት አክስቷ ወደ ሥራዋ ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች። ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፤ ጭራሮ የምትጠራት እትዬ እያለች ነው።

«እንግዲህ መጥቶልሻል» አለች እትዬ። «ወይ ይውሰድሽ፣ ወይ ላስመዝግብሽ። ሁለት ባላ ትከል ይላሉ፤ ልጅ ግን በባላ ላይ ተንጠልጥሎ አያድግም።»

«ይወስደኛል፣ እትዬ። ሞተሩን ሊያሠራ እኮ ነው የመጣው።»

እትዬ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

አባቷ ይዟት የሄደው የመቀመጫ ሰፊ ሱቅ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል። ግድግዳው ላይ አሮጌ መቀመጫዎች እንደ ሥጋ ተሰቅለዋል፤ ጥግ ላይ ስፖንጅ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ሰፊው ቦርጫም ነው፤ ወሬውም እንደ ቦርጩ ነው።

«ምን ሆነ?» አለው አባቷን።

«ረጅም መንገድ እነዳለሁ። ገና ግማሹን ሳልደርስ መቀመጫዬ ይደነዝዛል።»

«የቱ መቀመጫህ? የሞተሩ ነው ወይስ ያንተ?»

ጭራሮ ሳቋ አመለጣት። አባቷም ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው! ቆንጆ ሰው ነው ሲስቅ። እሷም በልቧ፣ አዲሱ ቤት ስንሄድ እንዲህ እየሳቅን ነው የምንኖረው አለች።

«ለስላሳ ስፖንጅ አድርግልኝ» አለ አባቷ።

«ኧረ ባክህ! እዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚሸወደው።» ሰፊው ከተቆለለው ሁለት ስፖንጅ መዘዘና ጭራሮ ፊት ዘረጋው። «ተጫኚው እስቲ፣ የኔ እህት። ይሄኛው?»

«ይመቻል» አለች።

«ይመቻል፤ ለሩብ ሰዓት። ከዚያ ይሰምጥና ብረቱ ላይ ትቀመጫለሽ። ያኛውስ?»

«ደረቅ ነው።»

«እሱ ነው የሩቅ መንገድ። መጀመሪያ ይቆረቁራል፣ እስከ መጨረሻው ግን ይሸከምሻል። ለስላሳ ነገር ሁሉ ወዳጅ አይምሰልሽ።»

ሞተሩን ወደ ውስጥ ገፍተው አስገቡት። ሰፊው መቀመጫውን ፈቶ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠውና የቆዳውን ጠርዝ በፒንሳ እየነቀለ ገፈፈው። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እንደ አሮጌ ዳቦ ቢጫ ሆኗል።

«አየሽ» አላት፣ «እኔ የሰው መቀመጫ አይቼ ጠባዩን እናገራለሁ። ይኸው፣ አባትሽ። ወደፊት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ፊቱን ትንሽ ከፍ እናደርግለታለን። እግሩን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ እናሰፋለታለን።» ከዚያ እጁን ወደ ኋላው ግማሽ ወሰደ። እዚያም ጉድጓድ አለ። ከፊተኛው አይተናነስም፤ ግን ወደ ግራ ያጋደለ ነው። ሰፊው መዳፉን ከተተበትና ሳቀ። «ይቺ ደግሞ አንቺ ነሽ! በጎን ነው የምትቀመጪው፣ አይደል? እግርሽን በአንድ ወገን ሰብስበሽ። ግራውን አደቀቅሽው እኮ! እንዲህ ቀጭን ሆነሽ እንዴት ቻልሽው?»

ጭራሮ ስፖንጁን አየች።

«እኔ ተቀምጬበት አላውቅም» አለች።

 አባቷ በእጁ የያዛቸውን ብሎኖች እያገላበጠ ያያቸው ጀመር። ሰፊው አንዴ አባትየውን፣ አንዴ ልጅቷን አየ፤ ፊቱ ቀላ። «ክር አልቆብኛል፤ ከጎረቤት ላምጣ» ብሎ ወጣ። ክሩ ግን መስፊያ መኪናው ላይ ሙሉ ነበር።

ጭራሮ ቡጢዋን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች። ቡጢዋን ሙሉ ዋጠው። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ሰው ስንት ጊዜ ቢቀመጥ ነው ስፖንጅ እንዲህ የሚሰረጉደው?

«ማን ናት?» አለች።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? መቀመጫው ሲቀየር?»

አባቷ ቀና አላለም። «ደግ ሴት ናት፣ ጭራሮዬ። ብቻዬን ነበርኩ። ታምሜ አስታማኝ አልነበረኝም፤ እሷ ደረሰችልኝ። ጎጆ ብትይው ጎጆ ነው፣ አንድ ክፍል ነው የምንኖረው…»

«ገበያ ትወስዳታለህ?»

«እ?»

«በሞተሩ። ገበያ፣ ዘመድ ጋ፣ ትወስዳታለህ?»

«አዎ።»

«ወገቧ አልተቆረጠም?»

ይህን ያለችው ለማላገጥ አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። አባቷ ግን እንደተመታ ሰው አንገቱን ደፋ። አንድ ብሎን ከእጁ አምልጦ ጠረጴዛው ሥር ገባ፤ አልፈለገውም።

ጭራሮ አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ባትጠይቀው ይሻላት ነበር፤ ግን ልጅ ነች፣ ጠየቀችው።

«እኔ እንዳለሁ ታውቃለች?»

አባቷ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ።  ጭራሮ ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። በሕይወቷ ከጠበቀችው ሁሉ ይህ ረዘመባት።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አለ በመጨረሻ። «የእናትሽ አፈር ይፍረድብኝ፣ ማታውኑ እነግራታለሁ። እንደነገርኳት መጥቼ እወስድሻለሁ። ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፤ እስከ መስከረም እንኳ አይቆይም።»

ስንቱን ልትናገር ነበር! እናቴ ስትሞት እጄን ይዘህ «ለጊዜው ነው» ያልከኝስ ልትለው ነበር። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ሲመዘገብ «እኔ አባቴ ጋ ልሄድ ነው» እያልኩ የኮራሁትስ ልትለው ነበር። አንዱም አልወጣትም። እንባዋ ብቻ ያለ ድምፅ መጣና አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ሰፊው በሩ ላይ ሳል ሳል ብሎ ገባ። ክር አልያዘም።

«እህ… እንግዲህ ልቁረጥ» አለ፤ ማንንም ሳያይ። «ሁለት ዓይነት ነው የምሠራው። ለአንድ ሰው ከሆነ የአንተን አሰፋዋለሁ፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ ብረት አደርጋለሁ። ለሁለት ከሆነ ግን ኋላውም ይሠራል። የቱ ይሁን?»

አባቷ ዞሮ እሷን አየ። «አንቺ ምረጪ» አላት። ድምፁ የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። ምን እንደሚለምናት እሱም አላወቀው ይሆናል።

ለአንድ ሰው ማለት ትችል ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ያቺ የማታውቃት ሴት በጎን የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ብረት ይተከል! የፓምፕ ዕቃ ይጫንበት! እስቲ እሷም መቀመጫው እስኪቀየር ትጠብቅ! ይህን ስታስብ ትንሽ ደስ አላት። ደስታው ግን እንደ ለስላሳው ስፖንጅ ወዲያው ሰመጠ። ሴትዮዋ ምን አደረገቻት? እሷም ተዋሽታለች እኮ። ሁለቱም በአንድ ሰው ተሸውደዋል፤ ልዩነቱ ሴትዮዋ ተቀምጣ መሸወዷ ነው።

«ለሁለት» አለች ጭራሮ።

«እሺ፣ የኔ እህት።» ሰፊው ሜትሩን አነሳ። «ነይ እንግዲህ፣ ኋላውን በአንቺ ልለካው።»

አባቷ ፊቱ በራ። «አዎ፣ በእሷ ለካው» አለ ቶሎ ብሎ።

«በኔ አይሁን» አለች። «በጎን ለምትቀመጥ ሴት አድርገው። ግራው ጠንካራ ስፖንጅ ይሁን፤ እንዳይሰምጥባት። የምትይዘው ነገርም አድርግላት። መንገዱ ረጅም ነው።»

«ጭራሮዬ…» አለ አባቷ።

«ንገራት፣ አባባ። ለሷ ብለህ ንገራት፣ እኔን ለመውሰድ ብለህ አይደለም።» ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ስትመጣ ይዘሃት ብትመጣም እትዬ ደጅ አትዘጋባችሁም። እኔን ግን ከእንግዲህ እወስድሻለሁ አትበለኝ።»

«ቆይ፣ ላድርስሽ። አሁን አልቆ…»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

ወጣች። ከኋላዋ የሚከተል እግር ሰማች። እስከ ሱቁ ደፍ መጣና ቆመ። ይመጣል ብላ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። አልመጣም። ከዚያ በኋላ በደንብ መራመድ ጀመረች።

ላውንደሪ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። እትዬ የሰው ሸሚዝ ዘርግታ ትተኩሳለች። ጭራሮን ስታይ ካውያውን አቆመች። ዓይኗን አየች፣ እጅጌዋን አየች። ምን ሆንሽ አላለችም።

«ትምህርት ቤቱ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?» አለች ጭራሮ።

እትዬ ካውያውን ከሶኬት ነቀለች። «እመቤቴ» አለቻት አሠሪዋን፣ «ይቺን ልጅ ላስመዝግብ ነው። ልቀቂኝ፤ ባትለቂኝም ሄጃለሁ።»

መዝጋቢዋ ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትል ደረሱ። «በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት!» ብላ አጉረመረመች። ወረቀቱን አዙራ ሰጠቻቸውና በጣቷ አሳየች። «እዚህ ጋ ወላጅ ይፈርም።»

እትዬ እስክሪብቶውን ተቀበለችና ተወላወለች። «እኔ እንኳ አክስቷ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «አባቷ አለ፤ ዛሬ እዚህ ነው ያለው። ልጥራው?» ይህን ያለችው ለመዝጋቢዋ ይሁን ለጭራሮ አይታወቅም።

«አትጥሪው» አለች ጭራሮ። «አንቺ ፈርሚ፣ እትዬ።»

እትዬ በላብ የራሰ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ጎንበስ ብላ፣ ወላጅ ከሚለው ጎን፣ ስሟን ፊደል በፊደል መጻፍ ጀመረች። ትምህርት ብዙ አልዘለቀችም፤ እጇ ቀርፋፋ ነው። መዝጋቢዋ ሰዓቷን አየች። ጭራሮ ግን ወረቀቱ እንዳይንሸራተትባት በሁለት እጇ ያዘችላት።