የኡስቲና ጨርቅ ላይ የተበተኑት ነጥቦች

ሜላንያ ፕሮግራሙ ላይ አንዲት ቃል ቀየረችና እንደገና አስኬደችው። ስክሪኑ ላይ ተበታትነው የነበሩት ቀይ ነጥቦች ድራሻቸው ጠፋ። ጽጌረዳዎቹና ወፎቹ ብቻ ጥርት ብለው ቀሩ። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ደስ ሊላት ሲገባ ባር ባር አላት።

የአክስቷ የፓራስካ ልጅ ኡስቲና ልታገባ ነው። በዩክሬኗ ፖልታቫ ሙሽሮች ሲጋቡ የሚቆሙት በተጠለፈ ጨርቅ ላይ ነው። ጠላፊዋ ፓራስካ ስትሆን፣ ንድፉን በኮምፒውተር የሠራችው ሜላንያ ናት። ያሉት ቀለሞች የጨርቁ ነጭ፣ ቀይ ክርና ጥቁር ክር ብቻ ናቸው። እሷ ግን ለማሳመር ብላ መደቡን ክሬም አድርጋው ነበር። ፕሮግራሙ ክሬም ሲያጣ ነጩ ላይ ቀይ ነጥብ እየበተነ አስመሰለላት። ከሩቅ ሲያዩት ክሬም ነው፤ ለጠላፊ ግን እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ስፌት ነው።

ያኔ ንድፉን ያየችው አክስቷ ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ስትጠይቃት፣ አላውቅም ማለት አፈረች። ዘር ናቸው፣ ልጅ እንዲበዛላቸው ነው አለቻት። ፓራስካ እንባ አቀረረች፤ ለጎረቤቱም ሁሉ አወራች። ኡስቲና ደግሞ «አንቺ ጉደኛ፣ ይሄን ሁሉ ማን ሊወልድልሽ ነው?» ብላ መልእክት ላከችላት። ውሸቷ በአንድ ቀን የቤተሰቡ ኩራት ሆኖ አረፈው።

ፓራስካ ዓይኗ እያለቀሰ ነጥቦቹን ስትጠልፍ ከርማ አንደኛውን ጫፍ ጨርሳለች። የሠርግ ጨርቅ ደግሞ አይተረተርም፤ ትዳር ያፈርሳል ትላለች። ዛሬ ጠዋት ደውላ መሀሉ ላይ ደርሻለሁ አለቻት። መሀሉ የእግዜር ቦታ ነው፣ ባዶውን ነው የሚተወው፤ ታዲያ ያንቺ ዘር እዚያም አለ፣ ልጥለፈው ወይስ ልተወው? ስትል ጠየቀቻት። ሜላንያ ከትምህርት ቤት ስወጣ እመጣለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

መውጫው ጠፋት። ብትናገር ኡስቲና ስህተት መሆኑን እያወቀች በላዩ ልትቆም ነው። ዝም ብትል የአክስቷ ዓይን ነው የሚከፍለው። ሁለት ንድፍ አተመች። አንደኛው መሀሉ ብቻ ጸድቶ ጫፎቹ ላይ ነጥብ አለው፤ እሱን ብትሰጥ ማንም ምንም አያውቅም። ሁለተኛው አንድም ነጥብ የለበትም።

ፓራስካን ቤቷ መስኮት ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ ደም መስሏል።

«መጣሽልኝ የኔ ልጅ? በይ ክሩን አስገቢልኝ፤ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋኝ» አለቻት።

ሜላንያ ቀዩን ክር አስገባች። መርፌውን ግን አልመለሰችላትም። ነጥብ ያለበትን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ትታ፣ ሌላውን አክስቷ ጉልበት ላይ ዘረጋችው። ፓራስካ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ገልብጣም አየችው።

«ዘሩስ የት ሄደ?»

«ዘር አልነበረም፣ አክስቴ» አለች ሜላንያ። መርፌውን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች።