«እስማማለሁ» የሚለውን ማን ተጫነው?

«እናቴን ነፍሰ ገዳይ ትላታለህ? መልኳን ለአረቄ ማስታወቂያ መሸጣችሁ አልበቃችሁም?»

ዶላሞ የስልክ ድርጅቱን ጠበቃ ሮዳስን ኮሌታውን ጨምድዶ ይዞታል። በመካከላቸው፣ በጂንካው የሞባይል ሱቅ ወለል ላይ፣ ወኪሉ ፈለቀ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል። የተመታበት ድንጋይ ቀይ አፈር ተለቅልቋል።

«ድንጋዩን አታይም?» አለ ሮዳስ። «ፀጉሯን እንዲህ ያለ ቀይ የምትቀባ እናትህ ናት። መልኳንም ማንም አልሰረቃትም። ደንበኛ ሆና ስትመዘገብ፣ ፎቶዋ እንዲሸጥ ስልኩ ላይ ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጭናለች፤ ውል ነው።»

«ማንበብ የማትችል ሴት!»

«ሕግ አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም፣ ወንድሜ።»

«በቃ!» አለች ኢንስፔክተር አየለች ከበሩ ላይ።

የዶላሞ እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ የአልዱባ ገበያተኛ «አረቄዋ መጣች» እያለ ስለሚስቅባቸው ገበያ መውጣት ትተዋል። ልጃቸው ድርጅቱን ከሶ፣ ችሎቱ ነገ ነበር።

አየለች የፈለቀን ረዳት ኤፍራታን ጠየቀቻት። «ደንበኛ የምትመዘግቡት እንዴት ነው?»

«ገበያ ላይ ነው። የገጠር ሴቶች እጃቸው ቅቤ ስለሚሆን ስልኩ አይሰማላቸውም። ፈለቀ ራሱ ይጫንላቸዋል።»

«ለእማማስ?»

«ለእሳቸውም። ምን እንደሆነ እንኳ አልነገራቸውም። ትናንት ግን ‹ችሎት ላይ እውነቱን እናገራለሁ› ሲል እኚህ ጠበቃ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።»

«ከዚያ ሆቴሌ ገብቼ ተኛሁ» አለ ሮዳስ።

አየለች ጓንት አጥልቃ ድንጋዩን ፈተገችው። ቀዩ እንደ አቧራ በነነ። «ይፍቀዱልኝ፣ እማማ» ብላ ፀጉራቸውን በነጭ ወረቀት ነካች። ወረቀቱ ወዛ።

«ስሙኝ» አለች ሁሉንም። «እዚህ አገር ቀይ አፈር የሚለወሰው በቅቤ ነው፤ ይወዛል እንጂ አይበንም። ድንጋዩ ላይ ያለው በውሃ ነው የተለወሰው። ዶላሞም ኤፍራታም እዚሁ አድገዋል፤ ይህን አይስቱም። የሚስተው እንግዳ ነው። ደግሞ ዶላሞ ፈለቀን የሚፈልገው በሕይወት ነበር። የተጫነው ፈለቀ ከሆነ እማማ አልተስማሙም፤ ፈቃድ የሌለበት ውል አይጸናም። የእሳቸው ከፈረሰ ገበያ ላይ የተመዘገበው ሁሉ ይፈርሳል። ይህን የሚፈራ እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥፍርህን አሳየኝ፣ አቶ ሮዳስ።»

ሮዳስ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ዶላሞ ሳቀ። «‹ገድያለሁ› የሚል ቁልፍ ቢኖር እኔ እጫንልህ ነበር፣ ወንድሜ!»

«ምስክራችሁ ሞቷል» አለ ሮዳስ ካቴናው ሲጠልቅለት። «ውሉ ይጸናል።»

«እኔ አለሁ» አለች ኤፍራታ።

ደጅ የተሰበሰበው ሕዝብ እየጮኸ ጠበቃውን ተከተለ። ዶላሞ ከፊት ከፊት እየሮጠ ይሰድበዋል። እናቱ ከበርጩማው ተነሡ፤ ማንም እንዳያውቃቸው ነጠላቸውን ዐይናቸው ድረስ ሳቡና በተቃራኒው፣ በአልዱባ መንገድ ወደ ቤታቸው ሄዱ።