ከሎሪው የተረፈችው እናት

መልአኩ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሠፈር ባለው ምግብ ቤት ጓዳ፣ ከኮምፒውተሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የብረት ስታቢላይዘር አጠገቡ ወድቋል፤ የማሽኑ ገመድ ከግድግዳው ተመንጭቋል። ጓዳውን ያለ ኪራይ ሰጥታው እንደ ወንድሟ ታየው የነበረችው የምግብ ቤቱ ባለቤት ኤልሳቤት ናት ጠዋት በሩን ስትከፍት ያገኘችው።

በዋዜማው መልአኩ ከረታ ጋር ሲጨቃጨቅ ተመጋቢው ሁሉ ሰምቷል። ረታ ካሳራኒ ሠፈር የሚኖር ወረቀት የሌለው ስደተኛ ነው። ወዲያው ታሰረ። ከግድያው ነፃ ካልወጣ ሸሽቶ ወደወጣበት አገር መመለስ ይጠብቀዋል።

ኤልሳቤት ሠርክን ያስጠራችው ያኔ ነው። ሠርክ አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን ጊጊሪ ሠፈር የአንድ መሥሪያ ቤት የጥበቃ ኃላፊ ናት። ለነገር አትቸኩልም፤ ሰው ሲዋሻት ደግሞ ይብስ ትሕትናዋ ይጨምራል።

«ማሽኑ ምን ይሠራ ነበር?» አለች።

«ዜና ይለቅማል እትዬ ሠርክ። ድረ ገጾቹ በፊድ፣ በዜና ማሳወቂያቸው፣ የሚልኩት ርእስና ሁለት መስመር ብቻ ነው። ይሄ ግን ገጹ ድረስ ሄዶ፣ ማስታወቂያውን ልጦ፣ ሙሉውን ጽሑፍ ያመጣል። መልአኩ እያተመ ሳይበር ካፌ መግባት ለማይችሉት የካሳራኒ ልጆች በማታቱ ታክሲ ይልክላቸዋል። በፊት በሰው ማሽን ነበር የሚሠራው። ሲዘጉበት ‹ከእንግዲህ ከራሴ ጓዳ ይውጣ› ብሎ ትናንት እዚሁ ተከለው።»

«ሌላ ቦታ ሆኖ የሚያየው አለ?»

«ገና ነበር። ከዚህ ስክሪን በቀር የትም አይታይም።»

«ሠራለት ታዲያ?»

ኤልሳቤት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ከሰዓት እየሳቀ መጣ። ‹እታለም፣ ማሽኔ የሌለ ሰው ፈጠረ› አለኝ። ስለሞያሌው መንገድ ሎሪ በተጻፈው ላይ የሌላ አደጋ ወሬ ቀላቅሎበታል። ማታ አስተካክለዋለሁ ብሎ ገባ።»

ሠርክ ገመዱን ሰክታ ማሽኑን አስነሣች። ጽሑፉ አለ። ስደተኞች ታሽገው የታፈኑበት የሎሪ ታሪክ ነው፤ መጨረሻው ላይ መልአኩ ራሱ ባከለው መስመር ደላላው ናይሮቢ ካለው የኢትዮጵያውያን እድር ሁለት መሪዎች አንዱ መሆኑ ተጽፏል። አንብባ ስትጨርስ ሳይበር ሄዳ ዋናውን ገጽም አነበበች።

ረታን ጣቢያ አገኘችው። «ምን አጣላችሁ?»

«ወንድሜ ሎሪው ውስጥ ነበር። ደላላው ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ ሲለኝ ስሙን ንገረኝ አልኩት። ‹ትልቅ ሰው ነው፣ ሳልጠይቀው አላወጣም› አለኝ። ጮህኩበት። ወረቀቱ እንዲወጣ ከኔ በላይ የሚፈልግ ማን ነበር?»

የእድሩ ጸሐፊ ጢሞቴዎስ ስለ ሎሪው ሲጠየቅ ራሱን ነቀነቀ። «ማንም አልተረፈም ሲሉ ሰማሁ። ከርእሱ በላይ ለማንበብ አንጀቴ አልቻለም፣ እህቴ።»

የእድሩ ዳኛ ዘርይሁን በምግብ ቤቱ ግቢ የለቅሶውን ድንኳን በገዛ እጁ ይተክል ነበር። በሠፈሩ ያልቀበረው፣ ያላጽናናው ሰው የለም።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ መልአኩ ጋ መቼ ገቡ?»

«ከፋሲካ ወዲህ ጓዳውን ረግጬ አላውቅም።»

«የሎሪውን ወሬስ አነበቡት?»

«ሳይበር አነበብኩት። አንጀት ይበላል። ያቺ ልጇን ያቀፈችው እናት መትረፏ ትንሽ ያጽናናል።»

«እግዜር ያጽናናን፣ ጋሼ» አለች ሠርክ በትሕትና።

በማግስቱ ለቀስተኛው ድንኳኑ ሥር ተቀምጦ ሳለ ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ኢንስፔክተር ሙቱዋ ሠርክ ጠርታው ረታን በካቴና አምጥቶ ቆመ። ሠርክ በአማርኛ እየተናገረች፣ ለኢንስፔክተሩ በእንግሊዝኛ እየተረጎመች ጀመረች።

«ገመዱን የነቀለው ማሽኑ ሲጠፋ ጽሑፉም የሚጠፋ የመሰለው ሰው ነው። ረታ ጽሑፉን ሊያጠፋ ሳይሆን ሊያስወጣ ነበር የሚጣላው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነበት። ጽሑፉ የሚያስፈራው ከእድሩ መሪዎች አንዱን ነው፤ ሁለቱም እዚህ አሉ። ጢሞቴዎስ የሚያውቀው ከሎሪው ማንም አለመትረፉን ነው፤ ትክክል ነው። ጋሽ ዘርይሁን ግን የተረፈች እናት አገኙ።»

«አንብቤ ነዋ» አለ ዘርይሁን።

«የት? ድረ ገጹ ላይ እሷ ለብቻዋ፣ በሌላ ርእስ፣ ከአውቶቡስ አደጋ የተረፈች ሴት ናት። ሎሪው ውስጥ የከተታት የመልአኩ ማሽን ነው። ማሽኑ የተተከለው በሞተበት ቀን ነው፤ ሲሞት ጠፋ። በመካከሉ ስክሪኑን ያነበበ ሰው ብቻ ነው እሷን ከሎሪው የሚያወጣት። መልአኩ አይነግርዎትም፤ እሱ ስሕተቱን አውቆ ስቆበታል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ ጋሼ።»

ዘርይሁን የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፎ ቁልቁል አየ።

«ራሱ ነው የጠራኝ» አለ። «አስነበበኝ። አጥፋው ብዬ ለመንኩት። ‹የእርስዎንም መልስ አብሬ አትማለሁ› አለኝ። ፊቱን ወደ ማሽኑ ሲመልስ...» ቀና ብሎ ሠርክን ተመለከታት። «እናትየዋ አልተረፈችም?»

«ሎሪው ውስጥ አልነበረችም። ከዚያ ሁሉ ሬሳ መሀል ዓይንዎ እሷ ላይ የቀረው፣ አንድ ሰው እንኳ እንዲተርፍልዎ ፈልገው ይመስለኛል።»

ሠርክ አዘነችለት፤ ማዘኗም አናደዳት።

ኢንስፔክተሩ በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና»፣ በጣም ይቅርታ፣ ብሎ ካቴናውን ከረታ እጅ ፈታና ዘርይሁን እጅ ላይ አጠለቀው።

ረታ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ዘርይሁን ፊት ቆመ። «ለወንድሜም ይህንኑ ድንኳን እንደሚተክሉለት ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለው።

ዘርይሁንን ወደ ፖሊስ መኪናው ሲወስዱት ኤልሳቤት ተነሥታ እሱ የተከለውን ድንኳን ገመድ መፍታት ጀመረች። ጢሞቴዎስ በሌላው በኩል ያዘላት። ካፊያ ነበር። ድንኳኑ ወርዶ ተጠቀለለ፤ ከለቀስተኛው ግን ወደ ቤቱ የሄደ አልነበረም።