ሳይጠፋ የቀረ ካሜራ

ቅዳሜ ጠዋት ቤዛዊት ከሁሉ አስቀድማ የምትሠራው ባትሪዎቹን ከቻርጀር መንቀል ነው። የሞሉትን በቦርሳው ቀኝ ኪስ፣ ያልሞሉትን በግራው ታስቀምጣለች። እናቷ ንግሥት ሌንሶቹን በለስላሳ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ሚሞሪዎቹ ባዶ መሆናቸውን ታያለች፣ የስታንዱን እግሮች ዘርግታ መልሳ ታጥፋለች። ከዚያ ሻይ በዳቦ ይበላሉ። ሬዲዮ አይከፈትም። አባቷ ገበየሁ በሕይወት በነበረበት ጊዜ ይከፈት ነበር።

በዚህኛውም ቅዳሜ ሁሉም እንደዚያው ሆነ። ዳቦው ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ።

«እንዴት አደራችሁ! ባጃጁ ቆሟል» አለች ሀስና፣ አንገቷን በበሩ አስግጋ። ሀስና የዚሁ የመርሳ ሰፈራቸው ልጅ ናት፤ ከቤዛዊት ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናም አብረው ይጠብቃቸዋል።

ንግሥት የካሜራውን ቦርሳ አንስታ ለሀስና ሰጠቻት። ገበየሁ በትከሻው ይዞት የኖረው፣ ማንገቻው ተቀዶ የተሰፋው ጥቁር ቦርሳ ነው። ሀስና አነገተችው። ልክ ለእሷ የተሰፋ መሰለ።

«እኔስ?» አለች ቤዛዊት።

«አንቺ ፈተና አለብሽ» አለቻት እናቷ።

«ሀስና ከፈተና ነፃ ናት?»

ሀስና ሳቀች። «እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነው፣ ቤዚ! ጎበዟ አንቺ አጥኚና ታስኮርጂኛለሽ።»

ንግሥት አልሳቀችም። «ነገ ሚሞሪዎቹን ኮምፒውተር ላይ ስትገለብጪ የሴቶቹን ቤት ቀረጻ ለብቻው አድርጊው» ብላ ወጣች።

ቤዛዊት በበሩ ቆማ አየቻቸው። ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታንዱን በሁለቱ ጉልበት ላይ አጋደሙት። ባጃጁ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት እስኪሰወር ድረስ ከበሩ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ገብታ የሒሳብ መጽሐፏን ገለጠች፤ አንድ ገጽ ላይ አፍጥጣ ዋለች።

ንግሥት ብቻዋን የምትቀርጽ ሴት ናት። የወልድያዎቹ ስቱዲዮዎች ሰርግ ሲጠሩ ሦስትና አራት ሆነው፣ ድሮን ሳይቀር ይዘው ይመጣሉ። እሷ አንዱን ካሜራ ጥግ ላይ በስታንድ ታቆመዋለች፤ እሱ ክፍሉን በሙሉ ዝም ብሎ ሲቀዳ ይውላል። ሌላውን በእጇ ይዛ ፊት፣ እጅና እንባ ትለቅማለች። ሁለቱ ካሜራዎች መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ሰው በፊታቸው ቆሞ አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ኋላ ኤዲት ሲደረግ የሁለቱ ምስልና ድምፅ በዚያ ጭብጨባ ላይ ይገጣጠማል። ከዚያ ጭብጨባው ተቆርጦ ይጣላል፤ ባለሰርጎቹ አያዩትም። አጨብጫቢዋ ቤዛዊት ነበረች። ባለፈው አብረው ከቀረጹት የይታገሱ ሰርግ ወዲህ ግን ሀስና ሆናለች። ለምን እንደሆነ የነገራት የለም።

በክፍል ውስጥም ሀስና ወሬዋ ሁሉ ይኸው ነበር። በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ሰብስባ አረማመድ ታሳያለች። «ጉልበት ሰበር፣ ክርን ከጎን ጥብቅ፣ ትንፋሽ ያዝ። እንዲህ ከሄድሽ ምስሉ አይንቀጠቀጥም። እትዬ ንግሥት ‹እጅሽ ድንጋይ ነው› ብለውኛል።» ልጆቹ እየተከተሏት ይራመዳሉ። ቤዛዊት በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ታያቸዋለች። ያ አረማመድ የአባቷ ነው። ገና ትንሽ ሳለች ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስይዞ በግቢው ዙሪያ ያስተማራት እሷን ነው። የእሷ እጅ ድንጋይ መባሉን አታስታውስም።

ወደ ሲሪንቃው ሰርግ ደግሞ መሄድ ትፈልግ ነበር። የሙሽራዋ የአሚና አያት እማማ ዓቢዳ ሰርጉን ሊነጋገሩ ቤታቸው ድረስ ሲመጡ ውኃ ያቀረበችላቸው ቤዛዊት ናት። «የሴቶቹ ቤት ወንድ አይገባበትም፤ አንቺን የፈለግነው ለዚህ ነው» አሉ እማማ ዓቢዳ። «ልጆቹ ሂጃባቸውን አውልቀው ይጨፍራሉ። እዚያ የተቀረጸው ለሙሽራዋ ብቻ ነው። ሌላ ዘንድ ምስሉም ድምፁም እንዳይወጣ። አማና ነው፣ ልጄ፤ አደራ።»

«አይወጣም፣ እናቴ። አይስጉ» አለች ንግሥት።

«ይቺስ?» አሉ ወደ ቤዛዊት እየተመለከቱ።

«እሷም እንደ እኔው ናት።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ንግሥት የተበላሸ የቀረጻ ላይት ልታሠራ ወልድያ ሄደች። ቤዛዊት ኮምፒውተሩን ከፍታ ሚሞሪዎቹን መገልበጥ ጀመረች። የሴቶቹን ቤት ለብቻው አደረገች። የመጀመሪያውን ፋይል ስትከፍት ሂና የተቀቡ ሁለት እጆች ስክሪኑን ሞሉት፤ ጧ ብለው ተጋጩ። የሀስና እጆች ናቸው። ሁለተኛውን ከፈተች። እነዚያው እጆች። ሀስና ከእጆቿ መሃል ዓይኗን አሾልካ ጠቀሰች፤ ከካሜራው ጀርባ ደግሞ የእናቷ ድምፅ «ቀልዱን ተይውና ወግጂ» አለ። ቤዛዊት ለሦስተኛው ጭብጨባ ድምፁን ዘጋችው።

ቀጥሎ ቋሚው ካሜራ የቀዳው ረጅም ፋይል ነበር። ገና ሲጀምር ሙሽራዋ ተነሥታ ወጣች፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ተከተሏት። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ካሜራውን ያጠፋው ሰው የለም። ቤዛዊት ልትዘልለው ስትል እናቷና ሀስና ተመልሰው ገቡ። ድምፁን መልሳ ከፈተችው።

«ኡፍ፣ ሙቀቱ!» ሀስና ሂጃቧን ገፍፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ሹሩባዋ ተበትኗል። «እትዬ፣ አንቺ ስትቀርጪ ምን እንደምትመስዪ ላሳይሽ?»

አንቺ። ሰፈር ውስጥ እርስዎ ነበር የምትላት።

ሀስና ከወለሉ የሻይ ትሪ አንስታ እንደ ካሜራ ደረቷ ላይ ያዘች። ጉልበቷን ሰበረች፣ ክርኖቿን አጠበቀች፣ አንገቷን እንደ ዶሮ አስግጋ ክፍሉን ዞረች። «ሙሽሪት፣ ወደ ብርሃኑ! ወደ ብርሃኑ አልኩ! ሚዜ፣ ከፊቴ ዞር! ሙሽሪት፣ እንባ ካለሽ አሁን አፍስሺው፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው!» ትሪውን ሳትለቅ እስክስታ ወረደች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተበተነ።

ንግሥትም ሳቀች።

መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እጇ ተወው፤ ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «በቃ፣ በቃሽ፣ አንቺ ልጅ!» እያለች እንባዋን ትጠርጋለች። ቤዛዊት ይህን ሳቅ ታውቀዋለች። ድሮ አባቷ ማታ ኤዲት ሲሠራ ከዚያኛው ክፍል የሚሰማው ሳቅ ነው። ያለቀ መስሏት ነበር። አላለቀም ኖሯል። ለሀስና ነበር የተቀመጠው።

ስልኳን አውጥታ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችና ከኮምፒውተሩ ላይ ቀረጸችው፤ ሀስና ከነተበተነ ፀጉሯ፣ ከነትሪዋ። የክፍላቸውን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። የክፍላቸው ወሬኛ ናሆም ኦንላይን ነው። ናሆም ካየው የመርሳ ልጅ ሁሉ ለማየት ጊዜ አይፈጅበትም፤ የሀስና አባትና ወንድሞችም ቢሆኑ። ከሥሩ «የሲሪንቃዋ ኮከብ» ብላ ጻፈች። አውራ ጣቷ ከመላኪያው ምልክት በላይ ቆመ። ቪዲዮው ኮምፒውተሩ ላይ እየሄደ ነበር።

«ቤዚን ግን ለምን አታመጫትም?» አለች ሀስና፣ እያለከለከች። «ፈተና ፈተና አትበዪኝ። ሰኞ ስታየኝ ልትበላኝ ትደርሳለች።»

ሳቁ ከንግሥት ፊት ቀስ እያለ ለቀቀ። «የይታገሱ ሰርግ ላይ የእጁን ካሜራ ሰጠኋት» አለች። «ቤት ገብቼ ባየው ሙሽራዋ የለችም። ያለሁት እኔ ነኝ። ስበላ፣ ስንበረከክ፣ ሰው ሳናግር። እኔን ስትቀርጽ ነው የዋለችው።»

«ለምን?»

«አለቀስኩ አላለቀስኩ ልታይ። ቤትም እንዲሁ ናት፤ ዓይኗ ከፊቴ አይነሣም። ልጄ ናት፣ አልፈርድባትም። ግን ሰው እየተጠበቀ…» አልጨረሰችውም። «አንዳንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ልውል እፈልጋለሁ።»

ሀስና ዓይኗን ወደ ጥጉ ስታዞር ጮኸች። «እትዬ! ቀዩ መብራት! እየቀዳ ነው እኮ! ያ አላህ፣ አባቴ ቢያየኝ!» ሂጃቧን በሁለት እጇ ራሷ ላይ ጣለችው።

«አይዞሽ። ቤት ስገባ አጠፋዋለሁ» አለች ንግሥት፣ ወደ ካሜራው እየመጣች። «ከቤዛ በቀር ማንም አያየውም።»

«ቤዚ ከሆነች ግድ የለም» አለች ሀስና። ምስሉ ተቋረጠ።

ቤዛዊት ጥቁሩን ስክሪን እያየች ተቀመጠች። የራሷ ፊት ይታይበታል። የይታገሱን ሰርግ አስታወሰች። እጄ ዳለጠኝ ብላ ነበር፤ እናቷም ያመነቻት መስሏት ነበር።

ስልኳ ላይ የጻፈችውን ሰረዘች። ቪዲዮውንም አጠፋችው። ይህ አልከበዳትም።

የከበዳት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ነው። ትናንት እናቷ ደክሟት ገብታ፣ ሳታጠፋው ነው የተኛችው። ቤዛዊት ሳቁ ያለበትን ቦታ ፈልጋ፣ ስክሪኑን ሳታይ ደግማ ሰማችው። ድምፁን ብቻ ቆርጣ ብታስቀርስ? የማንም ፀጉር አይታይም። ማን ያውቃል? ቆርጣም አየችው፤ ትንሽ ፋይል ሆነ። ግን ከሳቁ ሥር የሀስና ድምፅ አለ፤ እማማ ዓቢዳም ውኃቸውን ይዘው «ድምፁም» ብለው ነበር። እናቷም «እንደ እኔው ናት» ብላለች።

የቆረጠችውን አጠፋች። ትልቁን ፋይል ከኮምፒውተሩም ከሚሞሪውም አጠፋች። ከዚያ ተመልሶ እንዳይነሣ ቆሻሻ መጣያውን ባዶ አደረገችው። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው።

ንግሥት ስትገባ ቤዛዊት የሒሳብ ጥያቄ እየሠራች ነበር።

«ገለበጥሽው?»

«ገለበጥኩት። አንድ ፋይል አጠፋሁ። ካሜራው ሳይጠፋ የቀረበትን።»

ንግሥት ላይቱን ከእጇ አስቀመጠች። «አየሽው?»

«አየሁት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ንግሥት ነጠላዋን አውልቃ ቀስ ብላ አጠፈችው፤ ሲያልቅ እንደገና ዘርግታ አጠፈችው። ቤዛዊት ቀና ብላ ፊቷን ልታይ ፈለገች። ዓይኗን ከደብተሯ አላነሣችም።

«ቅዳሜ ሐራ ከተማ ሰርግ አለ» አለች ንግሥት በመጨረሻ። «ከፈለግሽ ነይ።»

«ሀስና ትሂድ» አለች ቤዛዊት። «እኔ ባትሪዎቹን እሞላለሁ።»

እናቷ በአጠገቧ ስታልፍ እጇን ራሷ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

ፋይሎቹ እንደ ወትሮው በተራ ተደርድረዋል። ሦስቱ የሀስና ጭብጨባዎች አሉ፤ ሙሽራዋ አለች፤ የሴቶቹ ዘፈን አለ። ከሦስተኛው ፋይል ቀጥሎ ያለው አምስተኛው ነው። አራተኛው የለም። የንግሥት ሳቅ አሁን የትም አልተቀዳም።