የዳገት ኪኒን

«ዛሬም አልወረደም!» አለች ሲስተር ዘሊካ፣ በእትዬ በለጡ ክንድ ላይ የጠመጠመችውን የግፊት መለኪያ እየፈታች። «አንድ መቶ ሰባ አምስት። እንዲያውም ጨምሯል። ዮሳቤጥ፣ ኪኒኑን በየቀኑ ትውጣለች ወይ? ጠይቂልኝ።»

ሲስተር ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛ አታውቅም። እትዬ በለጡ ደግሞ ሃያ ዓመት ካርቱም ኖረው ከ«ያላ» እና ከ«ኢንሻላህ» ያለፈ አረብኛ አልያዘላቸውም። ሁለቱን የምታገናኘው ዮሳቤጥ ናት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እዚሁ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ተወልዳ ሳጃና ያደገች። አረብኛዋ እንደ ውሃ ይወርዳል። አማርኛዋ ግን አልፎ አልፎ ያነክሳል፤ ያነክሳል ብሎ የሚነግራት ሰው ካለ ደግሞ ታኮርፈዋለች።

ይህ የየሰኞው የቤት ለቤት ምርመራ ከተጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው። ድሮ እትዬ በለጡን የመሰለ ሰው ግፊቱን ለመለካት በሁለት ሃፍላ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ በመጨረሻ «ነገ ተመለሱ» ይባል ነበር። አሁን የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ራሱ ቤት ድረስ ይመጣል። ሲስተር መለኪያዋን፣ ኪኒኗን፣ የስኳር መመርመሪያዋን ባንድ ቦርሳ ይዛ ከግቢ ግቢ ትዞራለች፤ ሐኪሙ በስልክ ነው። ዮሳቤጥ ከትምህርት ቤት መልስ ታስተረጉማለች። ሰፈርተኛው ሁሉ ዮሳቤጥን «ዶክተሯ መጣች!» እያለ ይቀበላታል። እሷም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አልጠላችውም።

«እትዬ፣ ኪኒኑን እየዋጡ ነው ወይ? ትላለች።»

«ምን ልዋጠው ልጄ፣ ገና መቼ ሄድኩና! ሻንጣዬ ውስጥ አለ። አንዲት ፍሬ አልጎደለችም በያት።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«አገሬ ነዋ፣ አይከል! በጥር የእህቴን ልጅ ልድር። አንቺው አይደለሽ እንዴ ‹ዳገት አለብዎት፣ ይሄ የዳገት ኪኒን ነው፣ በየቀኑ አንድ ይዋጡ› ያልሽኝ? ከመተማ ሽቅብ ያለው ዳገት አይጣል ነው፤ ልብ ያፈርሳል። ይቺ ሲስተር እንዴት አወቀችልኝ ብዬ ስመርቃት ሰነበትኩ። ጉዞው ሦስት ቀን፤ በየቀኑ አንድ። እዚህማ...» አሉና ግቢውን በእጃቸው ዳር እስከ ዳር አሳዩዋት፣ «ካርቱም ምን ዳገት አለና ነው ኪኒን የማባክነው?»

«ዳገት... ምንድን ነው?» አለች ዮሳቤጥ ቀስ ብላ።

«አቀበት ነዋ! መንገዱ ሽቅብ ሲሆን! ምን ሆነሻል ዛሬ?»

ዮሳቤጥ እስከ ጆሮዋ ጋለች። የደም ግፊት በአረብኛ «ዳጊጥ» ነው። እናቷ ሰብለ ደግሞ ከሥራ ደክሟት ስትገባ «ዛሬስ ዳገት ሆነብኝ» ትላለች። ዮሳቤጥ ሁለቱን አገጣጥማ፣ የሐበሻው ዳጊጥ ዳገት ነው ብላ ደምድማ ነበር። ማንን ጠይቃ? ማንንም። በዚህ ድፍን ሜዳ ከተማ ተወልዳ ዳገት የት አባቷ ታያለች!

«ምን አለች?» አለች ሲስተር እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

ዮሳቤጥን አፏ ቀደማት። «ትውጣለች። በየቀኑ።»

ካለች በኋላ ወዲያው ዘዴ መጣላት። ሲስተር ስትሄድ ተመልሳ ትመጣለች፤ እትዬን ቁጭ አድርጋ ታስረዳለች፤ ከነገ ጀምሮ ይውጣሉ። ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም።

ሲስተር ግን ስልኳን አውጥታ ኖሯል። «ዶክተር፣ የዚህች እናት መድኃኒት አልሠራም። አዎ፣ በየቀኑ ትውጣለች፤ አስጠይቄያለሁ። እሺ... ጠንከር ያለውን? በእጥፍ? እሺ፣ ልጻፈው።»

ዮሳቤጥ የሲስተርን እስክሪብቶ አየች። እትዬ በለጡ እኮ አንዲት ፍሬ አልቀመሱም! ያንን ጠንካራ በእጥፍ ቢውጡትና ቢወድቁስ? እውነቱን ከተናገረች ደግሞ «ዶክተሯ» መባሉ ዛሬ ያበቃል። የእትዬ ለምለም ልጅ አንተነህ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ ይችላል፤ ሲስተር ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ እሱን ብትይዝ ማን ይፈርድባታል?

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ የኔ እናት?» አሉ እትዬ በለጡ። «ምሳ ሳትበዪ ነው የመጣሽው፤ አውቄያለሁ። ቆይ፣ የምትቀምሺው ነገር ላምጣልሽ።» ጉልበታቸውን ይዘው ሊነሱ ተንጠራሩ።

ይሄ ነው ያልቻለችው።

«ሲስተር፣ ስልኩን እንዳትዘጊው!» አለች በአረብኛ፤ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ራሷን አስደነገጣት። «አልዋጠችም። አንዲትም አልዋጠችም። ቃሉን ተሳስቼ ነው የነገርኳት። አሁን ደግሞ... ዋሸሁሽ።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዮሳቤጥ የዳገትን ነገር ከሥር ከመሠረቱ አወራችላት። ሲስተር መጀመሪያ ግንባሯን ቋጥራ ሰማች። ሦስት ቀን ጉዞ፣ በየቀኑ አንድ የሚለው ጋ ስትደርስ ግን አልቻለችም፤ የለበሰችው ቶብ ከራሷ እስኪንሸራተት ሳቀች። ስልኩ ውስጥ ዶክተሩም ሲስቅ ይሰማል።

ሳቋ ሲበርድ ኮስተር አለች። «በቃል መሳሳት እኔም እሳሳታለሁ። ‹ትውጣለች› ያልሽኝ ግን አስደንግጦኛል። ሰው ይጎዳ ነበር፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ።»

«አውቃለሁ» አለች ዮሳቤጥ። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ምንድን ነው የምትስቁት? ለኔም ንገሩኝ እንጂ!» አሉ እትዬ በለጡ።

ዮሳቤጥ በእጇም በአፏም አስረዳች፤ ደሙ፣ የደም ሥሩ፣ ኃይሉ መብዛቱ። እትዬ በለጡ ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ደም ብዛት በዪኛ! ደም ብዛት ብትዪኝ ኖሮ የዚያኑ ዕለት ነበር የምውጠው!» ሻንጣውን አስከፍተው፣ በሁለት ፌስታል ከተጠቀለለው ኪኒን አንዱን ፈልቅቀው በውሃ ዋጡ። ከዚያ አንድ ነገር አሳሰባቸው። «ታዲያ ለዳገቱስ ምን ልዋጥ?»

ዮሳቤጥ ይህንንም ቃል በቃል ተረጎመችው። ሲስተር እንደገና በሳቅ ፈረሰች።

ጠንካራው መድኃኒት ተሰረዘ። ሲስተር ቦርሳዋን አንግታ ከግቢው ወጣች፤ ዮሳቤጥ በሩ ላይ ቆመች። ትከተላት ወይስ ትቅር? ሲስተር አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ ዞር አለች። «ምን ትጠብቂያለሽ? ያላ!»

ቀጥሎ ያለው ግቢ የአባባ ኑርሁሴን ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ሰሞኑን እግራቸው እየደነዘዘ ጫማቸው ሲወልቅ እንኳ አይታወቃቸውም። ሲስተር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ነካክታ ለዮሳቤጥ ነገረቻት፤ ስኳሩ «አዕሳብ» ነክቷል አለች፤ ነርቭ ማለቷ ነው። አባባ ኑርሁሴን አንገታቸውን አስግገው የዮሳቤጥን አፍ አፏን ያያሉ። በሩ ላይ ጎረቤቶች ቆመዋል፤ አንተነህም አለ።

ምላሷ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ቱር ብላ መጣች። አሳብ። አዕሳብ፣ አሳብ። ምን ቀራት! አባባም እኮ አሳብ የሚያበዙ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ሁልጊዜ ትናገራለች።

ዮሳቤጥ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«አባባ፣ ይቺን ቃል በአማርኛ አላውቃትም» አለች፣ በሩ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ሲስተር ዞረች። «ምን ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ለኔ አስረጂኝ።»

በርጩማውን ሳበችና ተቀመጠች።