የማይረጋ ደም

ሳሚያ ኳሷን ልትመልስ ወደ ጎን ስትሮጥ የመረቡን የብረት ምሰሶ አላየችውም።

«ጓ!» አለ ብረቱ።

ቮሊቦል ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ሳሚያ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ቦታ በመዳፏ ይዛ ተነሳች፤ ሂጃቧን አስተካከለችና ሳቀች። «ምንም አልሆንኩም! ሰርቩ የማነው?»

«ዋርያ፣ ስሙኝማ!» ብሎ ጮኸ ፉአድ ከዳር። «የግመል ወተት ብረት ሰበረች!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሄርሜላ ብቻ አልሳቀችም። ‹የግመል ወተት› የሚለው ስም ፉአድ አፍ ውስጥ የገባው በእሷ በኩል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት የባዮሎጂ መምህራቸው ወልደሥላሴ ሰሌዳው ላይ ረዥም ነገር ሥለው ነበር። «ፋይብሪኖጅን ይባላል» አሉ። «ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ስድስት ክሮች መሃል ላይ ታስረዋል፤ መሃሉና ሁለቱ ጫፎቹ እብጥ እብጥ ያሉ ናቸው። ሁልጊዜ ደማችን ውስጥ አለ፤ ግን እርስ በርሱ አይያያዝም። ለምን?» የሸሚዛቸውን ቁልፍ ያዙ። «መሃሉ ላይ እንዲህ ያሉ ቁልፎች አሉት፤ ተሸፍነዋል። ስንቆስል ትሮምቢን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሽፋኑን ይቆርጠዋል። ያኔ የአንዱ ቁልፍ በሌላው ጫፍ ቀዳዳ ይገባል። እንዲህ እየተያያዘ መረብ ይሆናል። ደም የሚረጋው በዚያ መረብ ነው።»

«እንደ እርጎ ነዋ፣ ቲቸር?»

«ኬሚስትሪው ቢለያይም ይመሳሰላል። እርጎ ካላችሁ አይቀር፣ እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን የግመል ወተት ገዝቼ ‹ይረጋል› ብዬ ሦስት ቀን ጠብቄአለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የግመል ወተት ቢጎመዝዝ እንጂ እንደ ላም ወተት ቀጥ ብሎ እንደማይረጋ ጅግጅጋ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም።

«ዛሬም እየጠበቁ ነው?» አለ ፉአድ።

የዚያን ቀን ወደ ቤት ሲሄዱ ሳሚያ የሄርሜላን ክንድ ያዘች። «ታውቂያለሽ፣ እኔም የግመል ወተት ነኝ» አለች እየሳቀች። ከዚያ መሳቋን ትታ ነገረቻት። ከተወለደች ጀምሮ ያ ፕሮቲን ደሟ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጥርሷ ሲነቀል ሁለት ቀን ደምታ ፕላዝማ ተሰጥቷታል። «የሚታየው ደም አያስፈራኝም። ሐኪሙ ለሆዮ፣ ለእናቴ፣ ‹የሚያስፈራው ጭንቅላቷን ከተመታች ነው› ብሏታል። ውስጥ ለውስጥ ይፈሳል፣ ማንም አያየውም። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ወላሂ፣ ከእናቴ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ሄርሜላ ምስጢሩን የያዘችው አንድ ሌሊት ነው። በማግስቱ የሳምቡሳ ሰልፍ ላይ ፉአድ ፊቷ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም የሚያስቀው ፉአድ፣ በእሷ ቀልድ አንድም ቀን ስቆ የማያውቀው ፉአድ። «ሳሚያ የግመል ወተት ናት፣ ደሟ አይረጋም» አለችው። ሳቀ። የአንድ ሰው ሕይወት በሦስት ሰከንድ ሳቅ ተሸጠ፤ ሻጯም የተከፈላትን ሳቅ ይዛ ደስ ብሏት ወደ ክፍል ገባች። ክፋት አልነበረባትም ይባል ይሆናል። ለተሸጠው ሰው ግን ምን ይጠቅመዋል?

ፉአድ ከስሙ ጀርባ በሽታ እንዳለ በደንብ አልገባውም፤ ስሙን ብቻ ወስዶ በየጥጉ ዘራው። ሳሚያ ፊት ለፊት «የግመል ወተትማ ክብር ነው! አያቴ ብትሰማህ በዱላ ነው» ብላ መለሰችለት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ስሙ እውነት መሆኑ እንዳይታወቅባት፣ ከስፖርት ነፃ የሚያደርጋትን የሐኪም ወረቀት ከቦርሳዋ አላወጣችም። አዲሱ የስፖርት መምህር ወረቀቱን አይቶት አያውቅም።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሄርሜላ ሳሚያን ከቧንቧው ጀርባ አገኘቻት። አስመልሷት አፏን እየተጉመጠመጠች ነበር።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ። አታካብጂ።»

«ሳሚ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሆዮ ከሰማች አለቀልኝ። ሐርተሼክ አያቴ ጋ ነው የምትልከኝ። የምወድቅበት ደረጃ የለ፣ የሚመታኝ ኳስ የለ፣ ትምህርትም የለ።» ሳሚያ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት ይጠባል። «ስሙን ማን እንዳወራው የማላውቅ መሰለሽ? ለአንድ ሰው ነው የነገርኩት፣ ሄርሜላ። ለአንድ ሰው።»

ሄርሜላ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መሬቱ ቢከፈት በፈቃዷ ትገባ ነበር።

«ይቅርታ አልፈልግም» አለች ሳሚያ። «ያኔ መዝጋት ያቃተሽን አፍ ዛሬ ዝጊልኝ። በቃ።»

ብላ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ክፍል ሄደች።

ሄርሜላ ቧንቧው ጋ ቀረች። ዝም ማለት ቀላል ነበር፤ ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ዝምታው ታማኝነት መምሰሉ ነው። ዝም ብትል ሳሚያ ነገ እንደገና ታናግራት ይሆናል። ነገ ካለች። ያ መረብ እሷ ውስጥ የለም፤ ቁልፉም፣ ቀዳዳውም የለም። ከአጥንቱ ሥር የሚፈሰው እየፈሰሰ ነው።

ወደ መምህራን ክፍል ሮጠች።

«ቲቸር፣ ሳሚያ ጭንቅላቷን ተመታለች። ደሟ አይረጋም። ፋይብሪኖጅን የላትም!»

ወልደሥላሴ ደብተሮቹን ጥለው ተነሱ።

ባጃጁ ውስጥ ሳሚያ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ነበር። «ሁለተኛሽ ነው» አለች ቀስ ብላ።  

ሐኪም ቤት ሐኪሟ ስትጠይቅ የመለሰችው ሄርሜላ ናት። መቼ፣ የት ጋ፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት። ጭንቅላቷን ሲቲ ስካን ሊያነሷት ወሰዷት፤ የቀዘቀዘው ፕላዝማ እየሟሟ እንደሆነ ነገሯቸው።

የሳሚያ እናት ኻድራ ከገበያ፣ ከጨርቅ መደብራቸው እየሮጡ ደረሱ። ሐኪሟን ሰሙ፤ ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ልጄን አውቃታለሁ። በዕድሜዋ ሙሉ ኳስ ነክታ አታውቅም። ወረቀት አላት! ዛሬ ምን አገኛት? አበቃ፣ ከእንግዲህ ሐርተሼክ ትቀመጣለች። ለራሷ የማታስብ ልጅ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል?»

«ልጅነት ነው፣ ወይዘሮ ኻድራ» አሉ ወልደሥላሴ። «ሳታስብ ነው የተጫወተችው።»

መምህሩ ሳያውቁት ለሄርሜላ የማምለጫ በር ከፍተውላት ነበር። ራሷን ብቻ ብትነቀንቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ጥፋቱ ሳሚያ ላይ ተለጥፎ፣ ሳሚያም ሐርተሼክ ገብታ።

«አስባ ነው» አለች ሄርሜላ።  «እትዬ ኻድራ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የኔ ነው፤ ወረቀቱን የደበቀችው በኔ ምክንያት ነው። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።»

ግድግዳው ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር በእጅጌዋ ጠረገችላቸው። «ይቀመጡ።»

ኻድራ አልተቀመጡም።

ሄርሜላም ቆማ ጀመረች።