የኤጄታ ደም

«ጋልቢ እንጂ፣ አዴ ዘርፈሽ! ሚስቴ እየነደደች እኮ ነው!» አለ ሞቱማ፣ የፈረሱን ልጓም እያቀበላት።

«ከጋለብኩማ ደምህ ይናጣል። የተናጠ ደም ደግሞ አይመረመርም።»

ከክንዱ ደም የቀዳችበትን ብልቃጥ በረዶ ባለበት ቴርሞስ ከታ፣ ደረቷ ላይ አስራ ከወንጪ ወጣች።

ዘርፈሽ አምቦ ከተማ ደም መርማሪ ናት። በዚያ በ1975 ክረምት መዥገር ነክሷቸው ትኩሳት የጣላቸው ሁለት ጎረቤታሞች፣ ሞቱማና ኤጄታ፣ ደም ሰጥተው ነበር። የሁለቱም ምንም አላሳየም፤ ሰውነት በሽታን መታገሉ ደም ላይ የሚታየው ቆይቶ ነውና። ሐኪሙ ግን ወባ ነው ብሎ የወባ ክኒን ሰጠ። ሞቱማ እንደምንም ተረፈ፤ ኤጄታ ሞተ። አሁን የሞቱማ ሚስት ብርቅነሽ በዚያው ትኩሳት ተኝታለች። ከባሏ የተቀዳው ሁለተኛ ደም በሽታው የመዥገር መሆኑን ካልመሰከረ ሐኪሙ መድኃኒቱን አይቀይርም።

ዳገቱ ላይ በረዶ ወረደባት። ፈረሱ ሲደነብር ዘላ ወርዳ አንገቱን አቅፋ ቆመች። የጽድ ደን ውስጥ ስትገባ ጀምበር አዘቀዘቀች። ከኋላዋ ጅብ ጮኸ፤ ሌላው መለሰለት። እግሯ ፈረሱን ለመኮልኮል ቋመጠ፣ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ በእርምጃ ነዳችው። ጅብ እየተከተለው የሚያዘግም ሰው ከሷ በቀር የለም መቼም! ያኔ ነው ኤጄታ ከጎኗ የሚራመድ የመሰላት። ደሙ እሷ ፍሪጅ ውስጥ፣ እሱ አፈር ውስጥ። ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ከደኑ መውጫ ላይ ጦር የያዘ ሰው መንገዱን ዘጋባት። የኤጄታ ወንድም ፉፋ ነው።

«የወንድሜን ደም የት አደረግሽው? ደሙ ከተማ ቀርቶ እንዴት ይረፍ? በሕልሜ እየመጣ ይጠራኛል።»

«እኔንም ይጠራኛል፣ ኦቦ ፉፋ። ና፣ ራስህ ውሰደው። እስከዚያ ግን ጅቡን ጠብቅልኝ።»

ፉፋ ትንሽ አሰበና ጦሩን ወደ ደኑ አዙሮ ከኋላዋ ተከተለ።

አምቦ ሲደርሱ ነግቷል። ብልቃጡ ውስጥ የደሙ ቀዩ ከሥር ረግቷል፤ ዘርፈሽ ከላይ የጠለለውን ቀድታ መስታወት ላይ ከመመርመሪያው ፈሳሽ ጋር አዋሐደችው። እንደ አይብ ተቋጠረ። የሞቱማ ደም መሰከረ! ሐኪሙም አየና አዲሱን መድኃኒት አዘዘ።

ዘርፈሽ የኤጄታን ብልቃጥ አውጥታ ለፉፋ ሰጠችው።

«የወንድሜስ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ሁለተኛውን ሳንቀዳለት ሞተ» አለችና እንባዋ መጣ።

ፉፋ ብልቃጡን በመዳፉ ጨበጠው። ከዚያ መልሶ እጇ ላይ አኖረው።

«ያዢልኝ። እሱ ይጠብቀኛል፤ ብርቅነሽ አትጠብቅም።»

የብርቅነሽን መድኃኒት ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ፈረሱ ላይ ወጣ።

«ይሄስ ቢናጥ?»

«ምንም አይሆንም። ጋልብ!»